ውሻ በቀደደው

አማርኛ ለእንስሳት ቆሻሻ እንኳ ስም የማይነፍግ ቋንቋ ነው። የላምና የበሬው እበት ነው፤ ተጠፍጥፎ ሲደርቅ ኩበት ይሆናል። የፈረሱ፣ የበቅሎውና የአህያው ፋንድያ ይባላል። የፍየሉና የበጉ በጠጥ ነው፤ የዶሮው ኩስ። ከበረት ተጠርጎ ማሳ ላይ ሲበተን ደግሞ ሁሉም ባንድነት ፍግ ይባላል። እያንዳንዱ ስም ያገኘው ሥራ ስላለው ነው። በእበት ቤት ይለቀለቃል፤ አውድማ ይለሰናል፤ በኩበት እንጀራ ይጋገራል፤ በፍግ የጓሮ ጎመን ይፋፋል። የውሻው ግን ሥራ ስለሌለው የራሱ ስም እንኳ የለውም። አንዱ ከዶሮ ተውሶ ኩስ ይለዋል፤ ሌላው በጨዋ አንደበት የማይነገረውን ቃል ይሰጠዋል፤ የቀረው አፍንጫውን ይዞ ያልፈዋል።

ስም የሌለው ነገር ባለቤትም የለውም። ስለዚህ ባለቤት አልባ ነገር ልጻፍ ብዬ ብነሣ፣ «ግጥምና ወግ ስንጠብቅ ይህ ምን የሚሉት ርእስ ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይታገሠኝ። ስለ ገጠሩ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ዋሽንቱ፣ ስለ ጭጋጉ፣ ስለ እረኛው ትዝታ። እረኛው ስለቆመበት ሣር ግን ያነበብሁት ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ ላወራ የፈለግሁት ስለ ሣሩ ነው፤ ሣሩ ላይ ስለሚቀረው ነገርም።

በባሕር ማዶ ከተሞች ሰው ውሻውን ሊያናፍስ ሲወጣ በአንድ እጁ ማሰሪያውን፣ በሌላው ከረጢት ይይዛል። ውሻው በተጸዳዳበት ቦታ ጎንበስ ብሎ ያነሣል፣ ቋጥሮም ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይጥላል። ኒው ዮርክ ይህን በሕግ ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ወደዚያ የተሻገሩ ወገኖቻችን ይህን ሲያወሩ ሳቅ አይለያቸውም፤ «ለመሆኑ ጌታው ማን ነው? ከፊት የሚሄደው ነው ወይስ ከኋላ ሆኖ የሚለቅመው?» ይላሉ። ቀልዱ ያስቀኛል። ነገር ግን ከቀልዱ በስተጀርባ አንድ ሐሳብ ተሸሽጓል፤ ይህ የጥጋበኛ አገር ጣጣ ነው፣ እኛን አይመለከተንም የሚል። የዛሬው ሙግቴ ከዚህ ሐሳብ ጋር ነው። ጉዳዩ እኛን ከኒው ዮርክ ሰው ይልቅ ይመለከተናል። ለኒው ዮርኩ ሰው ነገሩ በአብዛኛው የጫማና የሽታ ነገር ነው። ለእኛ ግን የበግ ነገር ነው፤ አንዳንዴም የልጅ።

የእስቴ ዋና ከተማ የሆነችው መካነ ኢየሱስ ከደብረ ታቦር በስተደቡብ ትገኛለች። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና ተራራ ከእርሷ ሩቅ አይደለም፤ ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ጣና የሚገቡበት ተራራ ነው። በዚያ ደጋ ገብስና ድንች ይበቅላል፤ በግ ይረባል። በግ ለዚያ አገር ሰው በእግሩ የሚሄድ የባንክ ደብተር ነው። ማዳበሪያ የሚገዛው በግ ተሽጦ ነው፤ የተማሪው ደብተርና ጫማ ከበግ ነው፤ ሰው ሲታመም ወደ ሆስፒታል መሄጃው ከበግ ነው። በግ ባለበትም ውሻ አለ። ጅብ በሌሊት የሚዞርበት አገር ነውና ያለ ውሻ በግ አይታደርም። ውሻው ሌሊት ይጠብቃል፤ ቀን እግሩ ወዳደረሰው ይሄዳል፤ ከእረኛው ጋር ግጦሽ ይውላል፤ ምንጭ ወርዶ ይጠጣል፤ ሰርግና ተዝካር ባለበት ይገኛል። አንገቱ ላይ ገመድ የለም፤ ከኋላው ከረጢት ይዞ የሚሄድ ሰውም የለም።

እዚህ ላይ የገጠር ውሻ ባለቤትነት እንዴት እንደሚሠራ ላስታውስ። ሌሊት ሲጮህ ውሻው የእገሌ ነው። ሰው ሲነክስም የእገሌ ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ካሣ ይቆረጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የእንስሳ ባለቤት እንስሳው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። መስክ ላይ ሲጸዳዳ ግን ውሻው በድንገት የማንም አይደለም። ንክሻ ይታያል፣ ደሙ ይመሰክራል። ይኼኛው ግን ድምፅ የለውም፤ ጉዳቱ የሚታየውም ከብዙ ወራት በኋላ፣ ምናልባትም በጎረቤት በግ ላይ ነው። ከሳሽም ተከሳሽም ሳይኖር ነገሩ ያልፋል።

ጉዳቱ ምንድን ነው? በበግ አገር ያደገ ሰው አዙሪትን ያውቃል። ደህና ሲግጥ የከረመ ጠቦት አንድ ቀን ከመንጋው ይነጠላል። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ሌሎቹ ወደ ውሃ ሲወርዱ እርሱ ባለበት ይዞራል፤ ሣሩን በኮቴው እየደቆሰ ክብ ይሠራል። ውሎ አድሮ ዓይኑ ይፈዝዛል፤ ከድንጋይና ከግንድ ይላተማል፤ መጋጥ ይተዋል። በልጅነቴ በእረኝነት ሳለሁ ትልልቆቹ የሚሰጡት ምክንያት ብዙ ነበር። አንዱ ነፋስ መታው ይላል፤ ሌላው ዓይን በላው ይላል፤ በግንባሩ ላይ በጋለ ብረት የሚተኩሰውም ነበር። መጨረሻው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። «ሳይሞት እንረደው» ይባላል። ሥጋው ለቤተሰቡ ይሆናል፤ ራሱ ለውሻው ይጣላል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ያዝልኝ። ነገሩ ሁሉ ያለው እርሷ ውስጥ ነው።

በዚያ በግ አንጎል ውስጥ ውሃ የቋጠረ ስስ ከረጢት አለ። በከረጢቱ ግድግዳ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ተሰባጥረው ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ነጥብ የአንድ የኮሶ ትል ራስ ነው። ውሻው ያንን አንጎል ሲበላ እነዚያ ራሶች አንጀቱ ላይ ይጣበቃሉ፤ ስድስት ሳምንት ያህል ቆይተውም ረጃጅም ትሎች ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ ውሻው በተጸዳዳ ቁጥር በዓይን የማይታዩ እንቁላሎች አብረው ይወጣሉ። ኩሱን ዝናብ ያጥበዋል፣ የከብት ኮቴ ይበትነዋል፤ እንቁላሉ ግን ሣሩ ላይ ይቀራል፤ እንደ እኛ ደጋ ባለ ቀዝቃዛና ርጥብ ቦታ ለወራት አይሞትም። በግ ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉ አንጀቱ ውስጥ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው እጭ በደም ተሳፍሮ አንጎል ይደርሳል፤ እዚያም ስድስት ወይም ስምንት ወር ወስዶ ከረጢት ይሆናል። በጉም መዞር ይጀምራል።

ይህ መንገድ የታወቀው ጥንት አይደለም። ፍሪድሪክ ኩኸንማይስተር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ ከበግ አንጎል የወጣውን ከረጢት ለውሻ አበላ፤ ከውሻው የወጣውን ደግሞ ለበግ ግልገሎች ሰጠ፤ ግልገሎቹም ዞሩ። ከዚያ በፊት የአውሮፓ እረኛም ከእስቴ እረኛ የተሻለ አያውቅም ነበር። ስለዚህ አባቶቻችንን የምንወቅስበት ምክንያት የለንም። እነርሱ ለራሳቸው አንጀት ከኮሶ ዛፍ አበባ መድኃኒት ያገኙ፣ በየጊዜውም የሚጠጡ ሰዎች ነበሩ፤ ያ መድኃኒት በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ፋርማሲዎች ድረስ ተሻግሯል። የውሻው አንጀት የበጉን አንጎል እንደሚያዞር ግን የሚነግራቸው አልነበረም። ዛሬ የሚነግር አለ።

አሁን ይህን ዑደት በእኛ አቆጣጠር አስቡት። በፋሲካ በየደጁ በግ ይታረዳል። በአንድ ጠዋት የአገሩ ውሻ ሁሉ ይጠግባል፤ ራስ ይጎትታል፣ ሳንባ ይሻማል። ስድስት ሳምንት ቍጠሩ፤ በዕርገትና በጰራቅሊጦስ መካከል ትደርሳላችሁ። ያኔ እንቁላሉ ከውሻው መውጣት ይጀምራል። ያኔ ደግሞ የክረምቱ ዝናብ ሊገባ፣ አዲስ ሣር ሊያቆጠቁጥ ነው። በዚያ ሣር ላይ የዋለው ግልገል ከስድስት ወይም ከስምንት ወር በኋላ፣ ከጥምቀት በፊትም ሆነ በኋላ፣ ይዞራል። ሳይሞት ይታረዳል፤ ወይም እንደምንም እስከሚቀጥለው ፋሲካ ይደርሳል። ራሱም እንደገና ለውሻው ይጣላል። ከፋሲካ እስከ ፋሲካ አንድ ዙር ሞላ። ዕንቁጣጣሽም የራሱ ዙር አለው፤ የመስከረም አንዱ ራስ በጥቅምት አጋማሽ መስክ ላይ ይደርሳል።

በስብሰባና በጋዜጣ «የድህነት አዙሪት» ሲባል ስንሰማ ኖረናል። ቃሉ ከመደጋገሙ የተነሣ ጣዕሙን አጥቷል። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር የሚታየኝ ያ በጎን የሚሄደው ጠቦት ነው። ደብተር ሊገዛ የነበረ ጠቦት። ማዳበሪያ ሊሆን የነበረ ጠቦት። ድሃን ድሃ አድርገው የሚያቆዩ ነገሮች ሁሉ ትልልቅ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ በዓይን የማይታዩ ናቸው፤ በራስ ደጅም ይጀምራሉ።

ነገሩ በበግ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። የዚህ ትል ዘመድ የሆነ ሌላ ትል አለ፤ ቁመቱ ከአንድ የሩዝ ፍሬ የማይበልጥ። ይኼኛው ቤቱን የሚሠራው አንጎል ውስጥ ሳይሆን በብዛት ጉበትና ሳንባ ውስጥ ነው፤ በበግም፣ በፍየልም፣ በከብትም። ቤት ያረደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሳንባው ላይ ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ እብጠት ያያል፤ «ይህ አይበላም» ብሎም ቆርጦ ይጥላል። ለማን? ለውሻው። በባሕር ዳርና በጎንደር ቄራዎች ሳንባና ጉበት የመረመሩ የእንስሳት ሐኪሞች ይህንኑ ከረጢት ደጋግመው አግኝተውታል። ውሻው የሚያወጣው እንቁላል ደግሞ በጉን ከሰው አይለይም። ውሻውን የዳሰሰ የሕፃን እጅ ሳይታጠብ አፍ ውስጥ ሲገባ፣ ወይም ካልታጠበ ቅጠልና ካልተጠበቀ ምንጭ ጋር፣ እንቁላሉ ወደ ሰው ይተላለፋል። ከረጢቱ በሰው ጉበት ውስጥ ያለ ሕመም ዓመታት ሊያድግ ይችላል፤ በልጅነት የገባው በጉልምስና ይገለጣል። ያኔ ሕክምናው ቀዶ ጥገና ወይም ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ከረጢቱ ሆድ ውስጥ ከፈነዳ ደግሞ ሕይወትን ያሰጋል። በደቡብ ኦሞ በሐመርና በኛንጋቶም አርብቶ አደሮች መካከል በሽታው ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ መድቦታል። «ችላ የተባሉ» የሚለው ቃል ለዚህ በሽታ ይገባዋል፤ መነሻውም ችላ የተባለ ነገር ነውና።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላል የአገራችን ሰው። አጥሩን የቀደደው ውሻ ነው፤ የገባው ግን ጅብ። ተረቱን እስካሁን የምንጠቅሰው ውሻውን ለመውቀስ ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ውሻውን ወደ አጥሩ ያስሮጠው ማን ነው? የተጣለለትን አይደል የበላው?

ዋናው ሐሳቤ ይኸው ነው። የባሕር ማዶው ሰው ኃላፊነቱን የሚወጣው በውሻው ጅራት በኩል ነው፤ ከኋላው ሄዶ ያነሣል። በእስቴ መስክ ይህ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ በሸንተረሩ የሚዞርን ውሻ ተከትሎ የሚለቅም ሰው አይኖርም፤ ይኑር ብሎ ማሰብም ቀልድ ነው። የእኛ ኃላፊነት የሚጀምረው በውሻው አፍ በኩል ነው። ያልበላውን አያወጣም። የበጉን ራስና በሽታ ያለበትን ሳንባና ጉበት ጥሬውን ያልበላ ውሻ መስኩ ላይ የሚጥለው ነገር አስጸያፊ ይሆን ይሆናል እንጂ አዙሪት አይዘራም። ስለዚህ በእኛ አገር የውሻን ኩስ ማስወገድ የሚጀምረው ካራው በታጠበበት ቦታ፣ በዕርዱ ዕለት ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጉድጓድ ነው። ውሻና ጅብ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት የተቆፈረ፣ አፈር ከተመለሰበት በኋላ ድንጋይ የተጫነበት ጉድጓድ። የበጉ ራስ እዚያ ይግባ፤ ውሃ የቋጠረው ሳንባና ጉበት እዚያ ይግባ። ማቃጠል ለሚችል እሳትም ይሆናል። ለውሻው መስጠት ግድ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል በፈላ ውሃ የተቀቀለ ሥጋ በሽታ አያስተላልፍም። ሁለተኛው ነገር የውሻው መድኃኒት ነው፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ትሉን ከአንጀቱ ያጸዳል። የእንስሳት ሐኪም በተገኘበት፣ በዓመት አራት ጊዜ ያህል ቢሰጠው መልካም ነው። መድኃኒቱ በተሰጠ በሁለቱ ቀናት ግን ውሻው ይታሰር፤ የሚያወጣውም ይቀበር፤ እንቁላሉ ከትሉ ጋር አብሮ ይወጣልና። ሦስተኛው የግቢው ነገር ነው። መስኩን መልቀም ባይቻል ደጁንና የጓሮ አትክልቱን ዙሪያ፣ የምንጩንም አፍ መጠበቅ ይቻላል። በአካፋ አንሥቶ መቅበር፣ ከፍግ ጋር አለመቀላቀል፣ የልጆችን እጅ ማስታጠብ። ይህ ሁሉ ተደምሮ የአንድ ጠቦት ዋጋ አይሆንም።

መልስ የሚሰጠኝ ሰው ይኖራል። «ውሻ ካልበላ አይጠብቅም» ይለኛል። እውነት ነው፤ እኔም ውሻው ይራብ አላልሁም። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ይብላ፣ ግን የበጎቹን ሞት አይብላ። «ውሻውን አስረን ለጅብ በር እንክፈት?» የሚልም አለ። ማንም እሰሩት አላለም፤ ከሁለቱ የመድኃኒት ቀናት በቀር። «ቀበሮውስ? ጅቡስ? እነርሱም አይበሉም?» ላለኝ ደግሞ፣ አዎ፣ የዱር አውሬ በዚህ ነገር ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን በየደጁ የሚያድረው፣ ራሱን ከእጃችን የሚቀበለው ውሻ ነው። የአውሬውን ባንችል የራሳችንን እንችላለን። ከሁሉ የሚከብደኝ «መድኃኒቱን ማን ይሰጠናል?» የሚለው ነው። ግጭት መንገድ በዘጋባቸው ባለፉት ዓመታት ክልላችን እንኳን ለውሻ ለሰውም መድኃኒት እንደልብ ያልደረሰበትን ጊዜ አይቷል። ለዚህም ነው ጉድጓዱን ያስቀደምሁት። ጉድጓድ በጀት አይጠይቅም፤ ፈቃድ አይጠይቅም፤ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም።

ጉድጓድ መቆፈር ደግሞ ለአገራችን ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር ከ16ቱ የትምህርት ዘርፎች አንዱ የመጸዳጃ ጉድጓድ ነበር። ያኔም ተሳቀ። «ሜዳው ሰፊ ነው» ተባለ። ወጣት የጤና ሠራተኞች ከቤት ቤት እየዞሩ፣ ሜዳ ላይ የሚቀረው ነገር በዝንብ እግር ተመልሶ የልጁ ዓይን ላይ እንደሚያርፍ አስረዱ፤ ትራኮማ ብዙ ዓይን ባጠፋበት በደቡብ ጎንደር ይህ ባዶ ወሬ አልነበረም። ሥራው ዛሬም አልተጠናቀቀም፤ ነገር ግን መጸዳጃ የሌለው ቤት የሚያፍርበት ቀበሌ ብዙ ነው። ለራሳችን ጉድጓድ መቆፈርን ተምረናል። የቀረን ለበጉ ራስ አንድ ትንሽ ጉድጓድ መጨመር ነው።

ይህ ምኞት ብቻ እንዳይመስል የአንዲት ሩቅ አገር ታሪክ ልጨምር፤ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ በተለይ የሚወደው ታሪክ ነውና። አይስላንድ በ19ኛው መቶ ዓመት እንደ እኛ ደጋ በበግ የምትኖር፣ በጓን በየደጇ የምታርድ፣ የማትበላውን ለውሻ የምትጥል ድሃ አገር ነበረች። ያ በጉበትና በሳንባ የሚቀመጠው በሽታ ሕዝቧን ያሠቃይ ነበር። ሃራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1863 ወደዚያ ሄዶ 100 ውሾች መረመረ፤ በ28ቱ አንጀት ውስጥ ትሉን አገኘ። ክራቤ ምን አደረገ? ጻፈ። በሕዝቡ ቋንቋ፣ ማንም በሚረዳው አነጋገር የተዘጋጀች ትንሽ መጽሐፍ በ1864 ወጣች፤ ለየቤቱም ታደለች። አይስላንዳውያን በረጅሙ የክረምት ምሽት ገሚሱ ሱፍ ሲፈትል አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የጥንት ታሪክ የሚያነብላቸው ሕዝብ ናቸው። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ መጽሐፍ እንግዳ አይሆንም። ከ1869 ጀምሮ ደግሞ ስለ ውሻ አያያዝና በሽታ ስላለበት የዕርድ ትርፍ ሕጎች ተከተሉ። በጥቂት አሠርት ዓመታት ውስጥ በሽታው ከአዲሱ ትውልድ ላይ እየጠፋ ሄደ፤ ዛሬ አይስላንድ ከዚህ በሽታ ነጻ ከሆኑ አገሮች አንዷ ናት። ያን ጊዜ ክትባት አልነበረም፤ ዛሬ ያለው ክኒንም አልነበረም። የነበረው ዕውቀት፣ ጉድጓድና እሳት፣ ዕውቀቱንም ከቤት ቤት ያደረሰ ጽሑፍ ነው።

ስለ ሥነ ጽሑፍ ጥቅም ብዙ ስንከራከር ኖረናል። ስለ ውበት ነው ያለ አለ፤ ስለ ለውጥ ነው ያለም አለ። እኔ በዚያ ክርክር ውስጥ ያቺን የክራቤን ቀጭን መጽሐፍ አስባታለሁ። ማንም ከታላላቅ ድርሳናት ተርታ አያስቀምጣትም፤ ስለ ውሻና ስለ በግ ሆድ ዕቃ የምታወራ መጽሐፍ ናት። ነገር ግን ስንት ሰው ዳነባት? እኛም የቃል ሀብት ያለን ሕዝብ ነን። እረኛው ይገጥማል፤ አልቃሽ ታለቅሳለች፤ ሽማግሌ በተረት ይፈርዳል። «የዞረ በግ ራስ ለውሻ አይጣልም» የሚል አንድ አጭር አባባል እረኞች አፍ ውስጥ ቢገባ፣ ከብዙ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይልቅ ሩቅ ይሄዳል ብዬ አምናለሁ።

የከተማው ወዳጄ ከዚህ ነጻ ነኝ እንዳይል። በአዲስ አበባም፣ በባሕር ዳርም፣ በደብረ ታቦርም ውሻ የሚያሳድግ ሰው ከሥጋ ቤት ሳንባ ይገዛል፤ ብዙ ጊዜም ጥሬውን ይሰጣል። የገጠሩ መስክና የከተማው ግቢ በዚያች ሳንባ ይገናኛሉ። ከተሜው ደግሞ ገጠሬው የሌለው ዕድል አለው፤ ውሻው በገመድ ነው፣ መንገዱ ጥርጊያ ነው፣ የመድኃኒት መደብርም ቅርብ ነው። እርሱ በአፍም በጅራትም ኃላፊነቱን መወጣት ይችላል። ሳንባውን ይቀቅል፤ ውሻውን ሲያናፍስ ወረቀት ወይም ከረጢት ይያዝ፤ ያነሣውን ወደ ወንዝና ወደ ቦይ አይጣል። በእግር ጉዞ ወደ ገጠር ውሻውን ይዞ የሚወጣም ቢኖር፣ የሰው ግጦሽ ላይ መሆኑን አይርሳ። የቋጠረውን ፌስታል ቁጥቋጦ ላይ ሰቅሎ መሄድም አንሥቻለሁ አያሰኝም፤ ፌስታሉ ከኩሱ ይልቅ ዕድሜ አለው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን እፈራለሁ። በጉ ከዞረ በኋላ የሚደረግለት ብዙ ነገር የለም፤ ልጁም ከታመመ በኋላ ያለው መንገድ ረጅምና ውድ ነው። የሚቀድመው ቀላሉ ነው።

ስለዚህ ለበዓል ወደ አገር ቤት የምትወርዱ፣ በመጻሕፍትና በግጥም የምታምኑ ወዳጆቼ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በጉ ታርዶ፣ ቆዳው ተገፎ፣ ጥብሱ ምጣድ ላይ ሲወጣና ቤቱ ሁሉ ሲደሰት፣ እናንተ ለአንድ አፍታ ወደ ጓሮ ዞር በሉና «ራሱ የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጉድጓዱ ካልተቆፈረ አካፋውን አንሡ። ልጆች ይከቧችኋል፤ ለምን እንደምትቆፍሩም ይጠይቋችኋል። ያኔ ንገሯቸው።

ቸር ይግጠመን።